ሁለቱ ባዶ መስመሮች፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣ በተለይም የአእምሮ ጤና ሥራን ለምትመሩ፤
በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ አረጋውያንን ለምታዩ የሙያ ጓደኞቼ፤

ጤና ይስጥልኝ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ከሥራዎቼ አንዱ የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ መፈተሽ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በየቀኑ ስለምንሠራው አንድ ስሕተት ነው። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ያለባቸውን እናቶችና አባቶች «የመርሳት በሽታ ነው» ብለን እንሸኛቸዋለን። የመርሳት በሽታ የጀመራቸውን ደግሞ «ድባቴ ነው» ብለን መድኃኒት እንሰጣቸዋለን። ሁለቱንም አይቻለሁ። አንዱን ራሴም ሠርቼዋለሁ።

ከአንዲት እናት ልጀምር። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልናገርም። 71 ዓመታቸው ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ይዟቸው የመጣው የመጨረሻ ልጃቸው ነው። እጁ ላይ ከሌላ ቦታ የተጻፈ ወረቀት አለ። «ከ30፣ 14። የመርሳት በሽታ» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

ልጁ የሚያወራው እሳቸው ፊት ነው፤ ልክ እንደሌሉ። «እማዬ ጃጅታለች። ድስት ጥዳ ትረሳለች። ሲያወሯት አትመልስም።» የቤቱን ቁልፍ ወስደውባቸዋል። የባንክ ደብተራቸውንም ወስደዋል። ውክልና ለማሠራት እየተመካከሩ ነው። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን አምኖ ነው።

እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬቱን ያያሉ። አምስት ቃላት ነገርኳቸው። ደጋግመን አልናቸው። ከዚያ ሌላ ሌላ ነገር አወራን። ጥቂት ቆይቼ «እማማ፣ ቅድም ያልናቸውን ቃላት ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«አላውቅም ልጄ።»

«የመጣልዎትን ብቻ።»

«ምንም የለም። ተይኝ በናትሽ። ጭንቅላቴ ባዶ ነው።»

ብዙ ጊዜ የምናቆመው እዚህ ላይ ነው። ዜሮ እንጽፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፋለን። የዚያን ቀን አላለፍኩም። «አንዱ ፍራፍሬ ነበር» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ሎሚ» አሉ። «አንዱ ደግሞ የቤት ዕቃ ነበር።» «ሙዳይ።» ሦስቱ በፍንጭ መጡ። ለቀሩት ሁለት ቃላት ሦስት ሦስት ምርጫ ሰጠኋቸው። ሁለቱንም ሳይሳሳቱ መረጡ። አምስቱም ቃላት እዚያው ነበሩ። ጎተራው ሙሉ ነው። ያጡት በሩን የሚከፍቱበትን ጉልበት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወሬ የጀመርነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ከሰባት ወር በፊት የኖሩበትን ቤት ለቀው ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገብተዋል። ቡና የሚያጣጣቸው ጎረቤት የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነቃሉ። እስኪነጋ ግድግዳ ያያሉ። እህል አይጥማቸውም። «ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ» ይላሉ። ይህን ሁሉ ወረቀቱ አይናገርም። የጠየቃቸው ሰው አልነበረማ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ድባቴ የመርሳት በሽታ መስሎ ሊታይ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1961 በሕክምና መጽሔት ላይ በሰፊው ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ «ሐሰተኛ የመርሳት በሽታ» የሚል ስም ወጥቶለት ቀረ። ስሙን አልወደውም። የእነዚህ ሰዎች መርሳት ሐሰት አይደለም። ድስቱ እውነትም አርሯል። ምክንያቱ ነው ሌላ የሆነው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ድባቴ የሚያደክመው ትኩረትን፣ ፍጥነትንና ፍላጎትን ነው። ሰውየው ቃሉን የሚሰማው በግማሽ ልብ ነው። ሲጠየቅም የመፈለግ አቅም የለውም። «አላውቅም» ማለት ይቀለዋል። ነገር ግን የገባ ነገር አለ። ፍንጭ ሲያገኝ ይወጣል። ዋነኛው የመርሳት በሽታ አልዛይመር ግን ገና ሲጀምር የሚጎዳው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው። አዲስ ነገር እንዲቀመጥ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። እህሉ ጎተራ ካልገባ በሩን ብንከፍተው ምን ይወጣል? ኸርማን ቡሽኬ የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ፈተና ያወጡት በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቃል በምድቡ በደንብ መያዙ ይረጋገጣል። ከዚያ ያለ ፍንጭ ይጠየቃል። ያልመጣው በፍንጭ ይጠየቃል። ዋናው ነገር ስንት ቃል ጠፋ የሚለው አይደለም። የጠፋው እንዴት ነው የሚለው ነው።

ሞካ የሚባለውን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መፈተሻ ቅጽ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከካናዳ ሞንትሪያል የወጣው ነው። አምስት ቃላት አሉት። ከቃላቱ ሥር ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ የምድብ ፍንጭ መመዝገቢያ ነው። ሌላው የምርጫ ፍንጭ ነው። በጠቅላላው ውጤት ውስጥ ነጥብ የላቸውም። ነጥብ ስለሌላቸው ባዶ ይቀራሉ። ወደ እኔ የሚመጡ ወረቀቶች ላይ ሁለቱ መስመሮች ተሞልተው ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። እኔ ደግሞ ከቅጹ ሁሉ አስቀድሜ የማየው እነሱን ነው።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር።

ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ልጃቸው ይዛቸው መጣች። «አባዬ እድር መሄድ አቆመ። ጋዜጣ አያነብም። ዝም ብሎ ይቀመጣል» አለችኝ። መምህሩ ፈገግታ አይለያቸውም። ጨዋታም ያውቃሉ። «ምንም አልሆንኩም፣ ዕድሜ ነው» ይላሉ። ከሰው መራቅ፣ ፍላጎት ማጣት፣ ዝምታ። ድባቴ ነው ብዬ ጻፍኩ። መድኃኒት ተጀመረላቸው። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ጠፋባቸው።

ያኔ ነው በፍንጭ የፈተንኳቸው። «ፍራፍሬ ነበር» ስላቸው «ብርቱካን» አሉ፣ በሙሉ ልብ። ሎሚ ነበር። ምርጫ ስሰጣቸው ያልተባለውን መረጡ። ቀጥለው በትሕትና «ለመሆኑ ቃላት የነገርሽኝ መቼ ነው?» አሉኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ፍላጎት ማጣት የድባቴ ብቻ ምልክት አይደለም። አልዛይመርም ሲጀምር ሰውን ዝምተኛና ግዴለሽ ያደርጋል። ድባቴ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያዝናል፣ ራሱን ይወቅሳል። መርሳቱን ራሱ ነው የሚናገረው፤ እንዲያውም አብዝቶ ይናገረዋል። መምህሩ አላዘኑም ነበር። ስለ መርሳታቸው የምትናገረው ልጃቸው ነበረች፤ እሳቸው «ደህና ነኝ» ነበር የሚሉት። ምልክቱ ፊቴ ነበር። እኔ አላነበብኩትም። በዚያ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ መምህሩ ኑዛዜያቸውን በራሳቸው ቃል ሊናገሩ ይችሉ ነበር። ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ስለ ነገ ሊመክሩ ይችሉ ነበር። ያ ጊዜ አይመለስም። ልጃቸውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ቁጥር ስለሚያሳስተን ነው።

በብዙ ቦታ የሚሠራበት የ30 ነጥብ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ባልና ሚስቱ ፎልስታይኖች ከማክሂው ጋር ሆነው ያወጡት ነው። በተለምዶ ከ24 በታች ያገኘ ይጠረጠራል። ከ30ው ነጥብ ውስጥ ቆይቶ ለማስታወስ የተመደበው 3 ብቻ ነው። ፍንጭ የሚባል ነገርም የለውም። እስቲ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ግን ምንም የማይረሱ እናት ያስቡ። ከ100 እየተነሱ ሰባት ሰባት መቀነስ 5 ነጥብ ነው። ጽሑፍ አንብቦ ያለውን መፈጸም 1። ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1። ተጠላልፈው የተሣሉ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችን አይቶ መሣል 1። እነዚህ 8 ነጥቦች ከሄዱ የሚቀረው 22 ነው። ምንም ሳይረሱ በሽተኛ ሆኑ ማለት ነው።

እማማን «መቶ ሲቀነስ ሰባት» ስላቸው «አላውቅም» ብለውኝ ነበር። «ከመቶ ብር ላይ ሰባት ብር ቢከፍሉ ስንት ይመለስልዎታል?» ስላቸው ግን «ዘጠና ሦስት» አሉ፤ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ። በእርግጥ ጥያቄ በተቀየረ ቁጥር ፈተናው ሌላ ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ነጥቡን አልቀየርኩም። ከጎኑ ጻፍኩት።

ትምህርት የሚለውንም ሣጥን በጥንቃቄ እንሙላው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ብዙ እናቶች አሉ። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ያልያዙም አሉባቸው። «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ» ብለን መዝግበን ቅርጽ ሣሉ እንላቸዋለን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ያፍራሉ። ካፈሩ በኋላ ያለው ፈተና በሙሉ ይበላሻል።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ሚካኤል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ 12 ነው። «ማርያም ነገ አይደለች?» ያሉኝ አሉ፤ 20 መሆኑን እያወቁ ነው። ይህ «ቀኑን አያውቁም» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ፈተናው «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» የሚል ጥያቄም አለው። ጤና ጣቢያው ፎቅ የለውም። ሞካ ላይ የአውራሪስ ሥዕል አለ። አውራሪስ አይተው የማያውቁ አባት ስሙን ቢያጡ ምን ይገርማል? ሌላም ነገር አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ እናትን ሰባት ሰዓት ላይ ቃል አስታውሱ አንበላቸው። ረመዳን የያዙትንም እንዲሁ።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ታንዛንያ ውስጥ፣ ሃይ በተባለ ወረዳ፣ ትምህርት ያላገኙ አረጋውያንን ለመፈተሽ የተዘጋጀ አጭር መለኪያ አለ። አይዲያ ይሉታል። በእስክሪብቶ ሣሉ አይልም። በክብሪት እንጨት የተሠራ ቅርጽ አሳይቶ እንዲህ ይሥሩ ይላል። ክብሪት ያልያዘ እጅ የለም። ከአፍሪካ ለአፍሪካ የተሠራ ነው። ከእሱ መነሣት እንችላለን።

የስሜት ጥያቄውስ? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአረጋውያን ተብሎ የወጣ የድባቴ መጠይቅ አለ። አጭሩ 15 ጥያቄ ነው፤ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ ይመለሳል። ጥሩ መጠይቅ ነው። ግን በሕይወትዎ ረክተዋል ወይ ብሎ ይጀምራል። እማማ ምን ይበሉ? «ተመስገን» ይላሉ። ሲርባቸውም ተመስገን ነው፣ ሲከፋቸውም ተመስገን ነው። ማማረር ፈጣሪን ማማት ይመስላቸዋል። በዚህ መልስ «ድባቴ የለም» ብለን እንጽፋለን።

እኔ አሁን የምጠይቀው በሌላ በኩል ነው። ሌሊት ስንት ሰዓት ይነቃሉ? እህል ይጥምዎታል? ሰሞኑን ቡና ጠርተው ያውቃሉ? ሰንበቴ፣ እድር፣ ለቅሶ ይሄዳሉ? የልጅ ልጅ ሲመጣ ደስ ይልዎታል? መጠይቁ የሰውነት ሕመምን ሆን ብሎ ትቶታል፤ በዕድሜ የሚመጣው ሕመም እንዳያሳስት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። የእኛ እናቶችና አባቶች ግን ኀዘናቸውን በሰውነታቸው ነው የሚናገሩት። «ልቤን ይከብደኛል፣ ጎኔን ይቆራርጠኛል» ሲሉ ጎናቸውን ብቻ አንይ።

ፍንጭ ሁሉን ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም። የደም ሥር ችግር ያመጣው መርሳትና ከፓርኪንሰን ጋር የሚመጣው መርሳትም በፍንጭ ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ በፍንጭ መጣ ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም። ድባቴና አልዛይመር አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ድባቴ ደግሞ ራሱ የመርሳት በሽታ መንገድ ጠራጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን በተሠራ ፈተና ሰውን መዝጋት የማይገባው ለዚህ ነው። ድባቴው ይታከም። ከወራት በኋላ በሌሎች ቃላት እንደገና ይፈተኑ። ተሻላቸው ብለንም አንተዋቸው፤ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ እንያቸው።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። በጣም አስፈላጊ ስለሆነ ነው። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። አረጋውያን ላይ ግን ራሱ መርሳትንና መደናገርን ሊያመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያም ለአረጋውያን ባይሰጥ ይመረጣል ይላል። ድባቴን እያከምን የመርሳት በሽታ የሚመስል ነገር እንፈጥራለን ማለት ነው። ሌሎቹ የድባቴ መድኃኒቶች፣ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን፣ ሁልጊዜ እንዲኖሩ አድርጉልን። ሳይፈተሹ በፊት ደግሞ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እንንገራቸው፤ የእንቅልፉን፣ የጉንፋኑን፣ የአለርጂውን። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 የደም ምርመራ ይታዘዝ። ጆሯቸውም ይታይ። ያልሰማ ሰው ረሳ አይባልም።

ውጭ አገር ያሉ ልጆችም ይደውሉልኛል። እናታቸውን ልጅ ያሳድጉልን ብለው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ወስደዋቸዋል። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። ፈተናው በስልክ አስተርጓሚ ይሠራል። አስተርጓሚው አዝኖ ቃሉን ይጠቁማቸዋል፤ ወይም የተናገሩትን አሳጥሮ ይነግራል። የተሳሳቱት ቃል ምን እንደነበር ሐኪሙ ጋ አይደርስም። ያቺ ቃል ነበረች የምታስፈልገው። አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ይጠይቁ እላቸዋለሁ፤ ካልተገኘም ለአስተርጓሚው አስቀድመው ያስረዱት።

ከሚኒስቴሩ የምጠይቀው ይህን ነው። ድባቴም የመርሳት በሽታም በዚያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ አሉ፤ ግን በየራሳቸው ምዕራፍ። ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ሥልጠና ሲሰጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተምሩልን። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች፣ እዚሁ አገር በሚገባ ተፈትሾ የተረጋገጠ፣ ፊደል ላልቆጠሩም የሚሆን አንድ አጭር ቅጽ ወደ ሁሉም ጤና ጣቢያ ይውረድ። ቅጹ የፍንጭ መስመር ይኑረው፤ ካልተሞላም ቅጹ አልተሞላም ተብሎ ይመለስ። ከቤተሰብ አንድ ሰው ለብቻው ይጠየቅ፤ መቼ ጀመረ፣ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፣ ከማን ሞት በኋላ ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በር ለበር ይዞራሉ፤ ይህን መጠየቅ አያቅታቸውም። ድባቴ ሳይፈተሽና ሳይታከም ደግሞ ማንም ሰው ወረቀት ላይ «የመርሳት በሽታ» ተብሎ አይጻፍበት።

እማማ ከአራት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። መድኃኒታቸውን በትክክል ወስደዋል። ልጃቸው እሑድ እሑድ ወደ ድሮው ሰፈራቸው ይወስዳቸዋል፤ ቡና እዚያ ይጠጣሉ። ሌላ አምስት ቃላት ሰጠኋቸው። አራቱን ያለ ፍንጭ አሉልኝ። አምስተኛውን «ቆይ አትንገሪኝ» ብለው ፈለጉት። በፍንጭ መጣ። የቤቱ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነበር። ቀጣዩ ቀጠሯቸው ጥር ላይ ነው።

እስካሁን ስሠራባቸው የቆየሁትን ቅጾች፣ ተሳክተው የተሞሉትንም የተሳሳትኩባቸውንም፣ የታካሚዎቹን ስም አጥፍቼ አዘጋጅቻቸዋለሁ። በየትኛው ቀንና ለየትኛው ክፍል ላምጣ? መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ
አዲስ አበባ